ለምኖ የማያበላ ቤት

እኔ በሰው ቤት ተቀምጬ «ምሳ ይቅረብ?» ተብዬ በመጀመሪያው «አዎ» ብዬ አላውቅም። እናንተም ብላችሁ አታውቁም፤ ካላችሁም አሳዳጊዎቻችሁ እንዳይሰሙ ዝም በሉ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ባለቤቷ «ትንሽ ቅመሱ» ትላለች። እንግዳው ሆዱ እየጮኸ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። እሷ «በሞቴ» ትላለች፤ እሱ «ኧረ አሁን ከገበታ መነሳቴ ነው» ይላል። እሷ ትቆጣለች። እሱ ተገዶ፣ ተበድሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ሁለት ሰሃን ይጨርስና ተመራርቀው ይለያያሉ። ይሄ ውሸት አይባልም። ሁለቱም ያውቁታላ።

ይሄን ያስቀደምኩት ስለ ምግብ ላወራችሁ አይደለም። ስለ ታላቅ እህቴ ስለ እትዬ አስካለና ስለ ነርሲንግ ሆም፣ ስለ አረጋውያን መጦሪያው ቤት፣ ላወራችሁ ነው።

እትዬ አስካለን በአስተዳደግ የሚያህላቸው የለም። እኔን ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ሲልኩኝ ጆሮዬን ይዘው «ብዪ ቢሉሽ ዘለሽ እንዳትጎርሺ፤ መጀመሪያ እምቢ በዪ» ይሉኝ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ እስከ ስድስተኛ ነው። ይሄን ትምህርት ግን ከእሳቸው እጅ ጨርሻለሁ።

ወደ አሜሪካ ያመጣቸው ልጃቸው ጌታቸው ነው። ጌታቸው አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳል። አፓርታማው ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ፣ እትዬ የሚኖሩት ከእኔና ከልጄ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ገብተው ኦፕራሲዮን ተደረጉ። እኛ ከሥራ በኋላ እየሄድን እንጠይቃለን፤ «ምግብ እንዴት ነው?» ስንላቸው «ጥሩ ነው፣ ምን ጎደለብኝ» ይላሉ። ቀለበታቸው ከጣታቸው ወልቆ አልጋ ሥር ሲንከባለል ነው የደነገጥኩት።

በማግሥቱ ሳልናገር በምሳ ሰዓት ሄድኩ። አንዲት ሠራተኛ ሰሃን ይዛ ገባች። «ሀንግሪ?» አለች። እትዬ እንደ መልአክ ፈገግ ብለው «ኖ ቴንኪው» አሉ። «ኦኬ» አለችና ሰሃኑን ይዛ ወጣች። እትዬ በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኙት።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ። ይሄ ሕዝብ ሰው አይለምንም» አሉኝ፣ ቅሬታም ሳይሆን ትዝብት በሚመስል ድምፅ።

የምግብ ጋሪውን ተከትዬ በኮሪደሩ ሮጥኩ። በችኮላ ያነሳሁት የሌላ ሕመምተኛ ሰሃን ነበር፤ ባለቤቱ ማንኪያውን ይዞ እስከ በራችን ተከተለኝ። ይሄን ልተወው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እትዬ ብቻቸውን መዋል እንደማይችሉ፣ ከአልጋ ለመነሳትም ጉልበት ያለው ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ተናገረ። እኔ «አለሁላቸው» አልኩ። ወደ ቤት ወሰድናቸው። ልጄ ሆቴል ነው የምትሠራው፤ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። እትዬን ከወንበር ላንሳ ብዬ አቅፌ ብድግ ሳደርጋቸው ወገቤ ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ቀስ ብለን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እሳቸውን ላነሳ ቀርቶ ራሴን ማንሳት አቃተኝ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ተቀምጠን፣ የልጅነት ጎረቤቶቻችንን ስም በየተራ እያነሳን ስናማ አገኘችን። እሷ አለቀሰች፤ እኛ ደግሞ ሐሜቱን ስላቋረጠችን ቅር አለን።

ነርሲንግ ሆም የሚለው ነገር ያን ዕለት ማታ ተነሳ። እትዬን ጠየቅናቸው። «ለእናንተ ከተመቻችሁ እኔ የትም ብሆን ምን ቸገረኝ» አሉ።

ይሄ መልስ አላስተኛኝም። እየራበው አልራበኝም የሚል ሰው እሺ ሲል እሺታው እሺታ መሆኑን በምን አውቃለሁ? «ለእናንተ ከተመቻችሁ» ማለት የአማርኛው «ኖ ቴንኪው» ቢሆንስ? ሰሃኑን በዓይናቸው እንደ ሸኙት ቤታችንንም በዓይናቸው እየሸኙት ቢሆንስ? ስለዚህ እትዬን የማስገባቸው ለምኖ የሚያበላ ቤት ካገኘሁ ብቻ ነው ብዬ ማልኩ።

ጌታቸው ሌላ መመዘኛ ነበረው። ኮምፒዩተር ከፍቶ ቁጭ አለ። «አክስቴ፣ ይሄኛው አምስት ኮከብ አለው።»

«ማን ሰጠው?»

«መንግሥት ነዋ።»

«መንግሥት ምሳ በልቶበታል?»

«ኧረ አክስቴ።»

«መልስልኛ።»

ኮምፒዩተሩን ከድኖ ይዞኝ ሄደ።

አምስት ኮከቡ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ሲገቡ ማንም የማይነካው ፒያኖ አለ፤ ዓሣ የሚዋኝበት ሳጥን አለ፤ ምንጣፉ እግር ይውጣል። አንዲት አንገቷ ላይ ሐር የጠመጠመች ሴት እየዞረች አስጎበኘችን። ፀጉር ቤቱን አሳየችን፤ ስፖርት የሚሠሩበትን አሳየችን። እኔ ኮሪደሩን በአፍንጫዬ፣ አልጋውን በእጄ ነው የማየው። አንድ ባዶ መታጠቢያ ቤት ስንደርስ ግድግዳው ላይ ቀይ ገመድ አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት «የወደቀ ሰው ይስበዋል፣ ወዲያው እንደርሳለን» አለች።

ሳብኩት።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለት ነርሶች ጋሪ እየገፉ ሲበሩ መጡ። «ማን ወደቀ?» አሉ። ጌታቸው ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። «ልሞክረው ብዬ ነው በልልኝ» አልኩት። እሱ ምን ብሎ እንደ ተረጎመው አላውቅም፤ ሴቶቹ በሐዘን ዓይን አይተውኝ ሄዱ። አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ገቢው ሰው እኔ መስያቸው ይሆናል። ለማንኛውም ቶሎ መድረሳቸውን በልቤ ያዝኩላቸው።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። ባለ ሐሯ ሴት «ምሳ አብራችሁን ብሉ» አለች። ፊቴን አስተካክዬ «ኖ ቴንኪው» አልኩ።

«ኦኬ» አለች። በቃ፣ ይሄው ነው። እኔ ላይ ዓይኗን እንኳ አላሳረፈችም። ወደ ጌታቸው ዞረች። ጌታቸው እዚህ አገር ብዙ ስለኖረ «የስ ፕሊስ» አላት። ዶሮ መጣለት፣ የተፈጨ ድንች መጣለት፣ በመጨረሻም ኬክ። እኔ ከጎኑ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

አፉ እንደ ሞላ በአማርኛ «ለምን እምቢ አሉ?» አለኝ።

«ፈተና ላይ ነን።»

«ማነው ተፈታኙ?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሆዴ ሲጮህ ጌታቸው ሞተሩ መስሎት ሬዲዮውን ዘግቶ አዳመጠ።

ዊተን ያለውንም አየን፤ ሌላም አየን። ሁሉም ቤት «ኖ» ሲባል «ኦኬ» ይላል። በአንዱ ውኃ እንኳ ተጠምቼ ነው የወጣሁት። እኔ በየቀኑ እየከሳሁ ስሄድ ጌታቸው በየቤቱ ምሳ እየበላ ቀበቶውን ላላ አደረገ። «አክስቴ፣ ፍለጋችን ይቀጥል፣ አልቸኩልም» ማለት ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ አሌክሳንድሪያ እሱ ሰፈር አጠገብ ሄድን። ቤቱ አሮጌ ጡብ ነው፤ ፒያኖ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ኮከቡም ሦስት ብቻ ነው። ግን ገና ስንገባ «እንዴት ዋላችሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትዕግሥት የምትባል የእኛ ልጅ፣ ነጭ ጫማ ያደረገች፣ አረጋውያኑን የምትንከባከብ። አገኘሁ አልኩ በልቤ።

«እማማ፣ ምሳ ላምጣልዎ?» አለችኝ።

«አይ ልጄ፣ በልቻለሁ።»

«እሺ እማማ» አለችና ዞረች።

ጌታቸውን አየሁት። «ይቺን ልጅ ማነው ያሳደጋት?»

ሰማችኝ። ተመልሳ መጣች፣ አልተቆጣችም። «እማማ፣ እዚህ ሰው እምቢ ካለ እምቢ ነው። መብቱ ነው። ሥራ ስጀምር እንደ አገራችን ‹በሞቴ› እያልኩ ሳበላ ተከስሻለሁ።»

«መራብም መብት ነው?»

«በሕጉ አዎ።»

«ይሄን ሕግ የጻፈው በልቶ የጠገበ ሰው ነው» አልኳት። ገና መጀመሬ ነበር። የምናገረው ብዙ ነበረኝ። ግን በዚያ መሃል ከአንድ ክፍል በር በላይ የጥሪ መብራት በራና ትዕግሥት «ይቅርታ እማማ፣ ተጠርቻለሁ» ብላ ንግግሬን ለሁለት ቆርጣ ሄደች። እኔን በወሬ መሃል አቋርጦኝ የሄደ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። የአረጋውያኑ ጥፍር ተቆርጧል። ፀጉራቸው ተበጥሯል። አንገቱን ደፍቶ ኮሪደር ላይ የተረሳ ሰው የለም። አንዷ አሮጊት ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ ነበርና ስታልፍ ያየቻት ሠራተኛ ቆማ አስተካከለችላት፤ ሰው እያያት እንደሆነ አላወቀችም። ለምኖ ማብላት ከጎደለው በቀር ቤቱ ቤት ነው። እሱን ደግሞ እኔ አስተምራቸዋለሁ አልኩ።

እትዬ ለአንድ ወር ሙከራ ገቡ። ወሩ ሲያልቅ ወይ ይቀራሉ ወይ ይመለሳሉ ተባለ።

ከቤቱ ኃላፊ ጋር ሚቲንግ ተቀመጥን። ሰፊ፣ ሳቂታ ሴት ነች። ጌታቸው ይተረጉማል። «እህቴ እምቢ ሲሉ እምቢ ማለታቸው አይደለም፤ ደግማችሁ ጠይቋቸው» አልኩ። ሴትየዋ ብዙ አልከበዳትም፤ «እናደርጋለን» አለች። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጌታቸውም ቁልፉን አንስቶ ተነስቷል። ግን በመስታወቱ በኩል ምግብ ቤቱ ይታያል፤ አንዲት ደቃቃ አሮጊት ሾርባዋን ሳትነካው ሠራተኛዋ ስታነሳባት አየሁ። የማን አገር ሰው እንደሆነች አላውቅም። እሷም አገር እምቢታው እንደኛ ቢሆንስ?

«ለእህቴ ብቻ ከሆነ አድልዎ ነው» አልኩ። «ሁሉንም ለምኑ።»

«አክስቴ፣ ይሄን አልተረጉምም።»

«ተርጉም።»

ተረጎመ። ኃላፊዋ ሳቀችና «እስቲ በምሳ ሰዓት እንሞክረው» አለች። ከሚቲንጉ አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

ብዙ አልቆየም፤ ጌታቸው ደወለ። «አክስቴ፣ ነርሲንግ ሆሙ ኮል አድርጎኝ ነበር። ይምጡ ብለዋል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ። ታክሲው ቆሞ እንደነበር ድምፁ ያስታውቃል። በቀዩ ባቡር ገባሁ፣ ከተማ መሃል ወደ ቢጫው ተቀየርኩ፣ ቁርስም አልበላሁ፤ እትዬ አንድ ነገር ሆነው ይሆን እያልኩ ደረስኩ።

ትዕግሥት በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማማ፣ እትዬ ደህና ናቸው። ሌላው ሰው ነው ደህና ያልሆነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲለመኑ እሺ የሚሉ ሰዎች እኔ ከገመትኩት በላይ ነበሩ። ፑዲንጉ ገና ግማሹ ሰው ሳይደርሰው አለቀ። ስኳር ያለባት አንዲት ሴትዮ ሁለተኛ ኬክ ስትቀርብላት ደስ ብሏት ተቀብላ፣ ከአፏ ላይ ነው የተነጠቀችው። ያቺ ባለ ሾርባዋ አሮጊት ለካ ሾርባ አትወድም፤ ስትለመን ሰሃኑን ወደ ወለሉ ገፋችው። ከሁሉ የባሰው ግን ሚስተር ዋልተር ነው።

ሚስተር ዋልተር ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ የነዳ፣ በምሳ ጥቂት የሚበላ ሰው ነው። «አተር?» ሲሉት «ኖ» አለ። ደግመው ጠየቁት። «ኖ» አለ። ፈገግ ብለው ደገሙት። ናፕኪኑን አንስቶ ሰሃኑን እንደ ሬሳ ሸፈነና ዊልቸሩን ራሱ እየገፋ ቢሮ ገባ። «እዚህ ቤት ስገባ መኪናዬን ትቻለሁ፣ ቤቴን ትቻለሁ፣ ውሻዬን ትቻለሁ። የቀረኝ እምቢታዬ ነው። እሱንም ልትወስዱብኝ ነው?» ብሎ ምግብ ላለመብላት ቃል ገባ።

እኔ ለፍትሕ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ፍትሕ ለማምጣት ሄጄ ሽማግሌ አስርቤ አገኘሁት።

«ውሰጂኝ ወደ ሰውየው» አልኳት።

እጁን አጣምሮ መስኮት ሥር ተቀምጧል። «አንቺ ነሽ?» አለኝ በትዕግሥት በኩል።

«እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። ግን ላስረዳህ።» ሥርዓታችንን ከሥር ጀምሬ፣ ጆሮዬ ከተያዘበት ቀን አንስቼ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ።

«እህትሽ ኖ ስትል የስ ማለቷ ነው?»

«የመጀመሪያው ላይ አዎ።»

«እውነተኛውን ኖ መቼ ነው የምትለው?»

«ሲቆጡ» አልኩት።

«ከእኔ ጋር አንድ ናት ማለት ነው» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ዘረጋልኝ። እኔም እንዳደግሁት «ኖ ቴንኪው» አልኩት። ከረሜላውን ወደ ኪሱ መለሰው። ተገቢ ፍርድ ነው።

ኃላፊዋ ዘንድ ገብቼ «ሰውን እንደ አስተዳደጉ ጠይቁት፤ እህቴን ደጋግማችሁ፣ እሱን አንዴ» ብዬ በትዕግሥት በኩል አስተረጎምኩ። እሷም ሳቀችና ተስማማች፤ እንዲህ መሳቋን ሳይ ለዚህ ቤት ሦስት ኮከብ ያንሰዋል አልኩ።

ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። እትዬን በዓይኔ ልይ ብዬ ምግብ ቤቱ በር ላይ ካለ ትልቅ የፕላስቲክ ዛፍ ኋላ ቆምኩ። አማርኛ የማትችል ሠራተኛ ወደ እትዬ ጠረጴዛ ሄደች። አሁን «ኖ ቴንኪው» ሊሉ ነው፣ አሁን ዘልዬ ልወጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ላንች፣ ሚስ አስካለ?»

«የስ» አሉ እትዬ።

በመጀመሪያው። እዚያው። አልለመነቻቸውም፣ አልተለመኑም። ይባስ ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ «ብሬድ» አሉ፤ ዳቦው ሲመጣ ደግሞ «ቱ» አሉ። በደንብ ልይ ብዬ ዛፉን ተደገፍኩ። የፕላስቲክ ዛፍ ሰው አይደግፍም። አብረን ምግብ ቤቱ ውስጥ ገባን።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ዳቦ እየቆረሱ «ነይ ተቀመጪ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ጆሮዬን እየያዙ ያስተማሩኝ የት ገባ?»

«ያ ሰውዬ ሲለመን አየሁት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሚስተር ዋልተር እያመለከቱ። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚንጨረጨረው ብዬ ትዕግሥትን ጠየቅኋት። የሚናገረውን ነው የሚያስበው አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ገረመኝ። በማግሥቱ እኔም ሞከርኩት። የስ አልኩ፤ ሰማይ አልተደፋም። ዳቦ መጣ።»

«ነውሩስ?»

«በእንግሊዝኛ ነውር የለውም። ቤት ስመጣ እንደ ድሮዬ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ልቤ ውስጥ የከረመውን ለመጠየቅ የደፈርኩት። ወንበሬን አስጠጋሁ። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ መሆን ይፈልጋሉ? ወይስ ወደ ቤት ልውሰድዎ?» አልኳቸው። «ለእናንተ ከተመቻችሁ» የሚለውን እየጠበቅሁ ነበር።

እትዬ ሹካቸውን አስቀመጡ። «እዚህ እሆናለሁ። አንቺ ስታነሺኝ ያንቺ ወገብ ይቀነጠሳል፣ የኔ ነፍስ ትንቀጠቀጣለች። እነዚህ ሲያነሱኝ አልፈራም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጌታቸው ያምጣኝ። ሽሮ ትሠሪልኛለሽ። እምቢ እልሻለሁ። ትለምኚኛለሽ። እሱን ይሄ ቤት አይችልበትም።»

«በሞቴ፣ እትዬ፣ ቤት ይሻላል» አልኩ። ካልለመንኩማ ምን ይሉኛል?

«አንዴ ተናግሬያለሁ» አሉ። ሚስተር ዋልተር ከወዲያ ጠረጴዛ ምን እንደተባለ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ።

ዓይኔ ውኃ አቀረረ። ሽንኩርት ነው እንዳልል በዚያ ቤት ምግብ ውስጥ ሽንኩርት ገብቶ አያውቅም፤ ሰበብ አጣሁ።

ሠራተኛዋ የወደቀውን ዛፍ አቁማ ስትመለስ ወደ እኔ ዞረች። «ላንች?» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አፌ ከልማዱ «ኖ ቴን…» ማለት ጀምሯል። እትዬ አዩኝ። ሚስተር ዋልተርም አየኝ።

«የስ» አልኩ።

መጣ። የተቀቀለ ዓሣ፣ ጨው ያልነካው፤ ከጎኑ አተር፣ ያ ሚስተር ዋልተር የተከራከረበት አተር። አንድ ጊዜ ጎረስኩና ሰውየውን ተረዳሁት። እትዬ እኔ ሰሃን ላይ ትርፍ እንዳላስቀር ስላሳደጉኝ እስከ መጨረሻው ታገልኩ። እሳቸው ዳቦአቸውን እያላመጡ በዓይናቸው ይስቁብኛል። ምግቡን ሳይሆን ዳቦውን ሁለት የሚሉት ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።

ሠራተኛዋ መጣች። «ሞር?» አለችኝ።

«ኖ ቴንኪው» አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ከልቤ የወጣ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ደግማ እንዳትጠይቀኝ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኋት።

«ኦኬ» አለችና ሰሃኑን አነሳች። እግዜር ይስጣት።